ከፍርድ ወንበር ወደ መንበረ ጵጵስና
የሚላኑ ቅዱስ አምብሮስዮስ ሕይወት

ዳኛ የሚፈተነው በሁለት ጊዜ ነው። ኃይለኛው በፊቱ ሲቆም አንድ ጊዜ ይፈተናል፤ የራሱ ወገን በፊቱ ሲቆም ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይፈተናል። ደሀን ከደሀ ጋር አከራክሮ እውነቱን መለየት ለብዙዎች የሚቻል ነው። ንጉሥ ሲበድል በደሉን መንገር፣ ወዳጅም ሲያጠፋ ጥፋቱን ጥፋት ማለት ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድሞ የመንግሥት ዳኛ፣ በኋላም የክርስቶስ መንጋ ጠባቂ የነበረውን የቅዱስ አምብሮስዮስን ሕይወት ለአንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምብሮስዮስ የተወለደው በ339 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ በጀርመን አገር በምትገኘው በትሪየር ከተማ ነው። አባቱ በሮም መንግሥት ውስጥ የጋልያን አውራጃዎች ሁሉ የሚያስተዳድር ታላቅ ሹም ነበረ። ቤተ ሰቡም የሃይማኖት ቤተ ሰብ ሲሆን፣ ከዘመዶቻቸው አንዲቱ ሶጤሪስ የተባለች ድንግል በስደት ዘመን ስለ ክርስቶስ ስም ሰማዕትነትን ተቀብላ ነበር። ጸሐፊው የነበረው ጳውሊኖስ በቅዱስ አውግስጢኖስ ጠያቂነት ገድሉን ሲጽፍ እንደ ተረከው፣ ሕፃኑ በእልፍኝ አደባባይ ተኝቶ ሳለ የንብ መንጋ መጥቶ ፊቱን ሸፈነው፤ በአፉም እየገባና እየወጣ ከቆየ በኋላ ምንም ሳይጎዳው ወደ ላይ በርሮ ሄደ። አባቱም ይህን አይቶ ልጁ ለታላቅ ነገር እንደ ተጠበቀ ተረዳ ይባላል።

አባቱ ሲሞት እናቱ ሦስቱን ልጆችዋን ይዛ ወደ ሮም ተመለሰች። ታላቂቱ ልጅ ማርኬሊና በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የድንግልናን ልብስ ለብሳ ራስዋን ለእግዚአብሔር ሰጠች። ሳቲሮስና አምብሮስዮስ ግን ሥርዐተ ንግግርንና ሕግን ተምረው በሲርሚዮም ከተማ በታላቁ ፍርድ ቤት ጠበቆች ሆኑ። በዚያም የነበረው ሹም ፕሮቡስ የአምብሮስዮስን ዐዋቂነት ተመልክቶ አማካሪው አደረገው። ከዚያም በ370 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ኢጣልያ ለሊጉርያና ለኤሚልያ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ መቀመጫውም ሚላን ነበረች። በዚያን ዘመን አገረ ገዥ ማለት ግብር የሚያስገባና ሰላም የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን፣ በችሎት ተቀምጦ የሰውን ርስትና ሕይወት የሚፈርድ ዳኛ ነበረ። ፕሮቡስ ሲያሰናብተው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ እንዲያስተዳድር መከረው ይባላል። ምክሩ ትንቢት መሆኑን በዚያን ሰዓት ሁለቱም አላወቁም።

የሚላን ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ታላቅ ቍስል ነበረባት። ንጉሡ ቁስጥንጥዮስ የአርዮስን ትምህርት ስለ ወደደ፣ በ355 ዓ.ም. የቀናውን ኤጲስ ቆጶስ ዲዮናስዮስን አሳድዶ በምትኩ አውክሴንትዮስ የተባለውን አርዮሳዊ አስቀመጠ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ይኸው ንጉሥ በዚያው ዘመን ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ወደ ሣይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ አባታችን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ፣ አርዮሳውያን ወደ ሾሙት ወደ ጊዮርጊስ እንዲላክ ጠይቆ ነበር፤ ደብዳቤውንም ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ አቆይቶልናል። ሚላንንና አክሱምን የነካው እጅ አንድ ነበረ ማለት ነው።

አውክሴንትዮስ በ374 ዓ.ም. ሲሞት በእርሱ ቦታ ማን ይሾም በሚለው ነገር የሚላን ሕዝብ በሁለት ወገን ተከፈለ። ጠቡ ወደ ደም መፋሰስ እንዳይደርስ አገረ ገዥው አምብሮስዮስ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ ሕዝቡን ስለ ሰላም መከረ። እርሱም ሲናገር አንድ ሕፃን ስሙን ጠርቶ ለኤጲስ ቆጶስነት ሲያጨው ተሰማ፤ ወዲያው ቀናዎቹም አርዮሳውያኑም በአንድ ድምፅ ተቀበሉት። ሕዝቡ በሌላ ነገር ሁሉ ተለያይቶ ሳለ በዚህ ሰው ላይ መስማማቱ፣ በችሎቱ ላይ ፊት አይቶ የማያዳላ ዳኛ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ስለ መሰከሩለት ነው ብንል አንሳሳትም።

እርሱ ግን ሹመቱን ሸሸ። ገና ንኡሰ ክርስቲያን እንጂ የተጠመቀ አልነበረም። ሕዝቡ ጨካኝ ነው ብሎ እንዲተወው ያለ ልማዱ በችሎት ተቀምጦ ሰዎች እንዲገረፉ አዘዘ፤ ሌሊትም ከከተማ ወጥቶ ለመጥፋት ሞከረ፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አድሮ ሲነጋ ራሱን በዚያው በሚላን በር አገኘው። ንጉሡ ቫለንቲንያኖስም ምርጫውን ስላጸደቀ እምቢታው አልሆነለትም። ተጠምቆ በስምንተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 7 ቀን 374 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ሆነ።

ከተሾመ በኋላ ያደረገው የመጀመሪያው ሥራ ወርቁንና ብሩን ለድሆችና ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ነበረ፤ ርስቱንም እኅቱ ማርኬሊና በሕይወትዋ ሳለች እንድትተዳደርበት አድርጎ ለቤተ ክርስቲያን አስተላለፈ። ሁለተኛውም ሥራው መማር ነበረ። ራሱ እንደ ተናገረው ሳይማር ሊያስተምር ስለ ተገደደ፣ ቄሱን ሲምፕሊክያኖስን መምህር አድርጎ የግሪክ አባቶችን መጻሕፍት፣ ይልቁንም የቅዱስ ባስልዮስን ድርሰት ቀንና ሌሊት ያነብ ነበር። ሹመት ዕውቀትን እንደማይተካ ዐውቆ ነበርና ከወንበሩ ላይ ሆኖ ደቀ መዝሙር ለመሆን አላፈረም።

ምንም እንኳ የመንግሥትን ፍርድ ወንበር ቢለቅም ዳኝነት ግን አልተለየችውም። ከታላቁ ቆስጠንጢኖስ ዘመን ጀምሮ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ ኤጲስ ቆጶስ የርስትና የገንዘብ ክርክር ሰምቶ እንዲፈርድ በሕግ ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ የአምብሮስዮስ ቤት ከጧት እስከ ማታ ባለ ጉዳይ የሞላበት ነበረ። ደጁ ለሁሉ ክፍት ስለ ነበረ አስፈቅዶ የሚገባ አልነበረም። በ384 ዓ.ም. የንግግር መምህር ሆኖ ወደ ሚላን የመጣው ወጣቱ አውግስጢኖስ ሊያነጋግረው እየፈለገ ከባለ ጉዳዮቹ ብዛት የተነሣ ጊዜ ሊያገኝ እንዳልቻለ በኋላ ጽፎአል። ይሁን እንጂ በጉባኤ ስብከቱን በመስማት ልቡ ተለውጦ በ387 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ።

የአምብሮስዮስ ዳኝነት ምን ዓይነት እንደ ነበረ ከደብዳቤዎቹ ሁለት ነገር ብንጠቅስ ይበቃል። ማርኬሎስ የተባለ አንድ ኤጲስ ቆጶስ የእርሻ ርስቱን፣ ስትሞት ለቤተ ክርስቲያን እንድትተወው አድርጎ ባል ለሞተባት እኅቱ ሰጠ። ወንድማቸው ሌጦስ ግን ርስቱ ይገባኛል ብሎ ተነሣ። ሙግቱም በመንግሥት ፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ተጎተተ፤ ወጪው በዛ፤ የወንድማማቾቹም ልብ ጠነከረ። በመጨረሻም አምብሮስዮስ እንዲያየው ለመኑት። እርሱም አንዱን ረቺ፣ ሌላውን ተረቺ ከሚያደርግ ፍርድ ይልቅ ግልግል እንዲሆን ጠይቆ ተቀመጠ። ከዚያም ርስቱን ሌጦስ እንዲወስድ፣ ነገር ግን እኅቱ በሕይወትዋ እስካለች ድረስ በየዓመቱ የተወሰነ እህል፣ ወይንና ዘይት እንዲሰጣት ፈረደ። ሌጦስ መሬቱን አገኘ፤ መበለቲቱም ያለ እርሻ ድካምና ያለ ሙግት ስጋት ቀለብዋን አገኘች፤ ማርኬሎስም የወንድሙንና የእኅቱን ፍቅር አተረፈ። ምንም ያላገኘች ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት። የቤተ ክርስቲያን አለቃ የሆነው ዳኛ የገዛ ቤቱን ድርሻ አስቀርቶ ሰላምን ገዛ፤ የወንድማማች ፍቅር ለቤተ ክርስቲያን ከእርሻ የበለጠ ገቢ እንደ ሆነም ለማርኬሎስ አስረዳው።

ሁለተኛው ነገር በቬሮና ከተማ የሆነ ነው። ራስዋን ለእግዚአብሔር የሰጠች ኢንዲክያ የተባለች አንዲት ድንግል ክብርዋን አጥፍታለች፣ ልጅም ወልዳ ገድላለች የሚል ወሬ ተነሣባት። የከተማው ኤጲስ ቆጶስ ስያግርዮስ በሥርዐት የቆመ ከሳሽና የታወቀ ምስክር ሳይኖር በአዋላጅ እንድትመረመር አዘዘ። አምብሮስዮስ ይህን ሲሰማ ነገሩን ከሌሎች ኤጲስ ቆጶሳት ጋር ሆኖ እንደ ገና መረመረው። ያወሩት ሰዎች በፊቱ ሲቀርቡ ቃላቸው እርስ በርሱ አልተስማማም፤ ዋነኞቹ ምስክሮች የተባሉትም ሳይቀርቡ ቀሩ። ስለዚህ ድንግሊቱ ንጽሕት መሆንዋ ተፈረደላት፤ ስምዋን ያጠፉትም ተቀጡ። ለስያግርዮስም በጻፈለት ደብዳቤ ወሬን እንደ ክስ መቀበልና ሴትን በእንዲህ ያለ ምርመራ ማዋረድ ለዳኛ የማይገባ መሆኑን በብርቱ ገሠጸው። በችሎት የተማረውን ሕግ፣ ያለ ከሳሽና ያለ ምስክር እንዳይፈረድ የሚያዝዘውን፣ ለደካማይቱ ጋሻ አደረገላት።

ስለ ሞት ፍርድም ስቱድዮስ የተባለ ዳኛ ጠይቆት ሲመልስለት፣ ሕግ የፈቀደውን ዳኛ ከቍርባን አልለየውም፤ ነገር ግን ለበደለኛው የንስሐ ጊዜ የሚተወውን አብልጦ አመሰገነ። ይህም በቃል ብቻ አልቀረም። ጵርስቅልያኖስ የተባለው መናፍቅ በአንዳንድ ኤጲስ ቆጶሳት ከሳሽነት በትሪየር በሰይፍ በተገደለ ጊዜ፣ የትምህርቱ ወዳጅ ሳይሆን፣ ደም ከጠየቁት ኤጲስ ቆጶሳት ጋር አንድነት አላደርግም አለ። ስለዚህም ንጉሡ ማክሲሞስ ከከተማው እንዲወጣ አደረገው።

የምሕረቱ ሥራ ነቀፋንም አምጥቶበታል። በ378 ዓ.ም. ጎቶች የሮምን ሠራዊት በአድርያኖፕል ድል ካደረጉ በኋላ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ ይሸጥ ነበር። አምብሮስዮስም የቤተ ክርስቲያንን የወርቅና የብር ንዋያተ ቅድሳት አቅልጦ ምርኮኞችን ተቤዠ። አርዮሳውያን ይህን እንደ ርኵሰት ቈጥረው ከሰሱት። እርሱ ግን ነፍሳትን የዋጀ ጽዋ የእውነት የጌታ ደም መያዣ ሆነ እንጂ አልረከሰም ብሎ ያምን ነበር።

ከኃያላን ጋር ያደረገው ክርክር ከዚህ ይቀጥላል። ሕፃኑ ንጉሥ ሁለተኛው ቫለንቲንያኖስና እናቱ ዩስቲና መቀመጫቸው ሚላን ነበረች። በ383 ዓ.ም. ማክሲሞስ የሕፃኑን ወንድም ግራትያኖስን አስገድሎ መንግሥቱን ሲይዝ፣ ስለ ሕፃኑ ሰላም ለመለመን በነፍሱ ቈርጦ እስከ ትሪየር የተላከው አምብሮስዮስ ነበረ። ነገር ግን አርዮሳዊቱ ዩስቲና ውለታውን ረስታ በ385 እና በ386 ዓ.ም. ከሚላን አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ለአርዮሳውያን እንዲሰጥ አዘዘች። እርሱም የራሱን ርስት ቢጠየቅ እንደማይከለክል፣ የእግዚአብሔርን ቤት ግን ሊሰጥ ሥልጣን እንደሌለው አስታወቀ። ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡ፤ ሕዝቡም ከአባቱ ጋር ለመሞት ቈርጦ ሌሊቱን በውስጥ አደረ፤ ከነዚያም መካከል የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ነበረች። ሕዝቡ በኀዘንና በድካም እንዳይዝል እንደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልማድ በወገን በወገን እየተቀባበለ መዝሙረ ዳዊትና እርሱ የደረሰውን ምስጋና እንዲዘምር አደረገ። በማኅሌት በግራና በቀኝ ቆሞ መቀባበልን የለመደ የእኛ ካህን የዚያን ሌሊት ኃይል ያለ ተርጓሚ ያውቀዋል። በመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ ተረታ፤ አንድ ሰይፍ ሳይመዘዝ ወታደሮቹ ተመለሱ።

አሁን ግን ልንሸሽገው የማይገባን ነገር አለ። በ388 ዓ.ም. በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ ባለችው በካሊኒቆም ከተማ ክርስቲያኖች በኤጲስ ቆጶሳቸው ገፋፊነት የአይሁድን ምኵራብ አቃጠሉ። ታላቁ ንጉሥ ቴዎዶስዮስም ኤጲስ ቆጶሱ ምኵራቡን ከገንዘቡ እንዲሠራ፣ የዘረፉትም እንዲቀጡ አዘዘ። ትእዛዙ ከሕግ የወጣ አልነበረም፤ ያቃጠለ ይክፈል፣ የዘረፈ ይቀጣ ነውና። አምብሮስዮስ ግን ክርስቲያን ለምኵራብ መሥሪያ መክፈል የለበትም ብሎ ጻፈ፤ ንጉሡም ትእዛዙን ቢያቀልም እንኳ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ተከራክሮ ነገሩ ፈጽሞ እንዲቀር አስደረገ። ስለ ቬሮናይቱ ድንግል ከሳሽና ምስክር ይቅረብ ያለው ዳኛ፣ በዚህ ጊዜ ከሳሽም በዳይም በግልጥ የታወቀበትን ነገር ፍርድ እንዳያገኝ ከለከለ። ጽኑ የነበረው ሰው በኃይለኛው ፊት ሳይወድቅ በወገኑ ፊት ወደቀ። ቅዱሳት መጻሕፍት የዳዊትን በደልና የጴጥሮስን ክሕደት ሳይሸሽጉ እንደ ጻፉልን፣ የአባቶችንም ድካም ማወቅ ክብራቸውን አያጠፋም፤ እኛን ግን ያስጠነቅቃል።

ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ390 ዓ.ም. የሕይወቱ ታላቅ ፍርድ መጣ። በተሰሎንቄ ከተማ ሕዝቡ የሚወደው አንድ የሠረገላ እሽቅድምድም ጋላቢ ስለ ታሰረ ሁከት ተነሥቶ የጦር አለቃው ቡቴሪኮስ ተገደለ። ቴዎዶስዮስም ተቈጥቶ የበቀል ትእዛዝ ሰጠ። ወታደሮቹ ጨዋታ ለማየት የተሰበሰበውን ሕዝብ በደለኛውን ከንጹሑ ሳይለዩ ፈጁት። ከጥንት ጸሐፊዎች አንዱ የሞቱትን ሰባት ሺህ ያደርሳቸዋል። ንጉሡ የቀና ሃይማኖት ጠባቂ፣ ለአምብሮስዮስም ወዳጅ ነበረ። ስለዚህ ፈተናው ሁለቱንም የያዘ ነበረ፤ በአንድ ሰው ላይ ኃይለኛውም ወገኑም ተገናኙበት።

አምብሮስዮስ ንጉሡን በአደባባይ አላዋረደውም። ታምሜአለሁ ብሎ ከከተማው ወጣና ሌላ ሰው እንዳያየው በገዛ እጁ ደብዳቤ ጻፈለት። በዚያም ንጉሡ ሰው እንደ መሆኑ መጠን መበደሉን፣ እንደ ዳዊትም ንስሐ እንዲገባ፣ ይህ እስኪሆን ድረስ በእርሱ ፊት ቅዱስ ቍርባንን ሊያቀርብ እንደማይችል ገለጠለት። ቴዎዶስዮስም ተግሣጹን ተቀበለ። የመንግሥቱን ልብስ አውልቆ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት እያለቀሰ ንስሐ ገባ፤ ከወራትም በኋላ በልደት በዓል ወደ ቍርባን ተመለሰ። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ንጉሡ በቍጣ የሚሰጠው የሞት ፍርድ ሠላሳ ቀን ሳይሞላው እንዳይፈጸም የሚያዝዘው ሕግ ከዚህ ንስሐ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ዳኛ ከዚህ የሚበልጥ ፍርድ ሊፈርድ አይችልም፤ በደለኛውን ሳያጠፋ አዳነው፤ ለሚመጡትም ንጹሓን ጊዜ አተረፈላቸው።

ቴዎዶስዮስ በ395 ዓ.ም. ሲያርፍ በሬሳው ላይ የምስጋና ትምህርት የሰጠ ራሱ አምብሮስዮስ ነበረ፤ ከንጉሡ ድሎች ሁሉ አብልጦም ያመሰገነው ያንኑ የንስሐውን ትሕትና ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እርሱም ታመመ። የጦሩ አለቃ ስቲሊኮን የእርሱ ሞት ለኢጣልያ ጥፋት እንደ ሆነ ፈርቶ፣ ዕድሜ እንዲጨመርለት እግዚአብሔርን ይለምን ዘንድ የከተማውን ታላላቆች ላከበት። እርሱ ግን በመካከላቸው ስለ ኖረበት አኗኗር እንደማያፍር፣ ጌታውም ቸር ስለ ሆነ ሞትን እንደማይፈራ መለሰ። በዓርብ ስቅለት እጆቹን በመስቀል አምሳል ዘርግቶ ለረጅም ሰዓት ሲጸልይ ቈየ፤ ሌሊትም ቅዱስ ቍርባንን ተቀብሎ ቅዳሜ ሳይነጋ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 397 ዓ.ም. ዐረፈ። ዐፅሙ እስከ ዛሬ ድረስ በሚላን በስሙ በተጠራችው ቤተ ክርስቲያን መንበር ሥር፣ በ386 ዓ.ም. ባገኛቸው በሰማዕታቱ በገርቫስዮስና በፕሮታስዮስ ዐፅም መካከል ይገኛል።

በአገራችን የነፍስ አባት የሆነ ካህን ባልና ሚስትን ሲያስታርቅ፣ የወሰን ጠብና የውርስ ክርክር ሲገላግል፣ ባለ ደምን ከባለ ደም ሲያገናኝ ከጥንት የኖረ ነው። ሽማግሌም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚይዘው ነገር ከአምብሮስዮስ ችሎት የራቀ አይደለም። እንግዲህ ለዚህ የተጠራ ሁሉ ሦስት ነገር ከእርሱ ይማር፤ ወሬን እንደ ክስ እንዳይቀበል፣ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ በክርክሩ ውስጥ ሲኖር ከሌላው አብልጦ እንዲጠነቀቅ፣ ኃይለኛውን ሲገሥጽም ለማዳን እንጂ ለማዋረድ እንዳይሆን። ከድካሙ ደግሞ አራተኛውን ይማር፤ የተበደለው ሰው ሃይማኖቱ ሌላ፣ የበደለውም የራሳችን ወገን በሆነ ጊዜ ሚዛኑ እንዳያጋድል። የሚፈርዱትን ሁሉ የሚፈርድ አንድ ዳኛ አለና፣ በዚያች ቀን በፊቱ ያለ ኀፍረት እንድንቆም የአባቶቻችን አምላክ እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።